ዘፈኑንና መዝሙሩን እንዴት እንለይ፦ ዲሌት ከማድረጋችሁ በፊት

እኔ ስልኬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ያወረድኩ ሰው ነኝ። ሁሌም አካሄዱ አንድ ነው፣ እዚህ ሀዋሳ ኮንፈረንስ ይኖራል፣ ሰባኪው ስለ ዘፈን ጠንከር ያለ ነገር ይናገራል፣ እኔም እንባዬን እየጠረግኩ እዛው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዲሌት ዲሌት ዲሌት፣ ከዛ ሐሙስ አርብ አካባቢ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አንዱን እሰማና ማታ ቴሌግራም ላይ እየፈለግኩት ነው። በሦስተኛው ዙር ግን አንድ ነገር ገባኝ። ካጠፋሁት ውስጥ አያቴ በሲዳምኛ ልጅ እያባበለች ስታንጎራጉር በስልክ የቀዳሁት ነበረበት፣ «መዝሙር አይደለም» ብዬ ነው ያጠፋሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ካስቀረሁት ውስጥ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጎረቤት ሲያሽሟጥጥ የሚውል ነገር ነበረ፣ ግን ፎልደሩ ላይ «መዝሙር» ተብሎ ስለተጻፈ አልነካሁትም። ስለዚ ችግሬ የቆራጥነት ማነስ ብቻ አልነበረም፣ ምኑን ከምን እየለየሁ እንደሆነ ራሱ አላውቅም ነበር።

ከዛ በኋላ ቀስ እያልኩ የሠራሁበትን መንገድ ነው የምጽፈው። ፓስተር አይደለሁም፣ ኳየር ውስጥ ቤዝ ጊታር እመታለሁ በቃ። የምናገረውም ከወንጌላውያን ወገን ሆኜ ነው፣ ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ የሚለይ ነገር አለ፣ ዜማው ላይ ስደርስ እመጣበታለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ስልካችሁ፣ አንድ ደብተር፣ መጽሐፍ ቅዱስ እና አንድ ሳምንት ነው። ሳምንቱን አትዝለሉት። በኮንፈረንስ ማታ ስሜት ውስጥ ሆናችሁ ምንም አታጥፉ፣ ቢያንስ ሰኞ ይድረስ።

1. መጀመሪያ «ዘፈን» የሚለውን ቃል አጥሩት

ክርክሩ ሁሌ የሚጀምረውም የሚዘጋውም ገላትያ 5፥21 ላይ ነው። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱሳችን የሥጋ ሥራዎች ሲዘረዘሩ «ስካር፥ ዘፋኝነት» ይላል፣ አንዱ ይሄን ያነብና «በቃ ተጽፏል» ይላል ሌላው ዝም ይላል። እኔም ለዓመታት ዝም ካሉት ነበርኩ። ግን እዛ ቦታ ያለው የግሪክ ቃል ኮሞስ ነው፣ ኮሞስ ደግሞ በዛ ዘመን ሰው ጠጥቶ ሰክሮ በሌሊት በየመንገዱ እየጨፈረና እየጮኸ የሚዞርበት ፈንጠዝያ ነው እንጂ ሙዚቃ ማለት አይደለም። ለዛ ነው ከስካር ጎን የተቀመጠው። ሮሜ 13፥13 ሂዱ፣ «በዘፈንና በስካር» ይላል፣ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥3ም ሂዱ፣ እዛም ከስካርና ያለ ልክ ከመጠጣት ጋር ነው የተዘረዘረው። ሦስቱም ጋ መጠጡ አብሮ አለ።

አሁን እዛው መጽሐፍ ላይ ገጽ ገልብጡ። መዝሙር 150፥4 «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። ዳዊት ታቦቱ ፊት ምን ነበር የሚያደርገው፣ 2ኛ ሳሙኤል 6፥14፣ በሙሉ ኃይሉ ይዘፍን ነበር ነው የሚለው። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ መጥቶ የሰማው «የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ» ነው፣ ሉቃስ 15፥25፣ እና ያ ድምፅ የሚወጣው ከአባትየው ቤት ነው። በሌላ በኩል ዘጸአት 32 ላይ ሙሴ ከተራራው ሲወርድ የሰማውም የዘፈን ድምፅ ነው፣ እሱ ግን ለጥጃው ነው። አያችሁ፣ አንድ ቃል ሁለት ቦታ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በግዕዝ ዘፈነ ማለት ጨፈረ፣ በእግርና በትከሻ ደስታን ገለጠ ማለት ነው፣ የዛሬው አማርኛችን ግን ቃሉን ቤተክርስቲያን ውስጥ ለማይዘመረው ሙዚቃ ሁሉ ሰጠው። እኛ ደግሞ የዛሬውን ትርጉም ይዘን ወደ ድሮው ጽሑፍ እንገባለን።

ቆይ ግን፣ ይሄን አንብባችሁ «አሃ ስለዚ ሁሉም ይቻላል» ብላችሁ እንዳትሮጡ፣ የህብረታችን ልጆች እንደዛ ነው ያደረጉኝ። ኮሞስ የሚባለው ነገር ዛሬም አለ፣ ቅዳሜ ማታ ወጥቶ ማየት ነው። ለዛ ቦታ ብቻ ተብለው የተሠሩ ዘፈኖች አሉ፣ ከቢራውና ከጭለማው ስትነጥሏቸው ምንም አይቀራቸውም። ያ የተከለከለው ነው። ከቃሉ ክርክር የምናገኘው ነገር ይሄን ያህል ብቻ ነው፣ «ዘፈን» የሚል ስም ስለተሰጠው ብቻ ኃጢአት አይሆንም፣ «መዝሙር» ስለተባለም ብቻ አምልኮ አይሆንም።

አንድ ልጨምርና ልለፍ። 2ኛ ሳሙኤል 1 ላይ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን የገጠመውን ሙሾ ከቁጥር 19 እስከ 27 አንብቡት። የእግዚአብሔር ስም አንድም ቦታ የለም። ስለ ጓደኛ ነው፣ ስለ ጦር ሜዳ ነው፣ ስለ ኀዘን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው ያለው።

2. ግጥሙን ከዜማው ነጥላችሁ ጻፉት

ከስልካችሁ ላይ በጣም የምትሰሙትን አስር ምረጡ፣ ግማሹ ከዘፈን ግማሹ ከመዝሙር ይሁን። ግጥሙን በእጃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አሰልቺ ነው አውቃለሁ ግን ዩቲዩብ ላይ የተጻፈውን ኮፒ አታድርጉ፣ እጅ ሲጽፍ ነው ጆሮ የዘለለው ሁሉ የሚታየው። ከዛ ለአንድ ሰው ያለ ዜማ አንብቡለት፣ እንደ ደብዳቤ። እኔ ለእህቴ ነው ያነበብኩላት፣ አንዱን መዝሙር ሳነብላት «ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የተጣላው?» አለችኝ፣ ያ ነው እንግዲህ ፎልደሩ ላይ መዝሙር የተባለው።

ካነበባችሁ በኋላ የሚከተለውን ጠይቁ።

የሚናገረው ለማን ነው? ለእግዚአብሔር ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ለሰው ነው፣ ወይስ ለሌላ? አማርኛችን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። ወንድ ለሴት ሲዘፍን «አንቺ» ስለሚል ወዲያው ይታወቃል፣ ሴት ለወንድ ስትዘፍን ግን «አንተ» ነው፣ መዝሙርም «አንተ» ነው፣ እና አንዳንዱን ከመሃል ብትጀምሩት ለጌታ ይሁን ለእጮኛ አይለይም። ስሙ ላይ የወንድ ጓደኛችሁን ስም ተኩበትና አንብቡት፣ ምንም ሳይቆረቁራችሁ ካለፈ ችግር አለ። ለሰፈራችን ልጅ የማትሉትን ነገር መያዝ አለበት፣ ቅድስና፣ መስቀል፣ ይቅርታ፣ ፈጣሪነቱ፣ የሆነ ለእሱ ብቻ የሚባል ነገር።

ለሰው የተነገረ መዝሙርም ግን መዝሙር ነው፣ ቆላስይስ 3፥16 እርስ በርሳችሁ አስተምሩና ገሥጹ ብሎ ነው ስለ መዝሙርና ዝማሬ የሚያወራው። ስለዚ «አምልኮ» የምንለው እና «የሚያጽናና፣ የሚመክር፣ የሚመሰክር» መዝሙር አንድ አይደሉም፣ ሁለቱም ቦታ አላቸው። በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሰው በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምር የነበረው አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነው። እዚሁ ከኛ ከሲዳማ የወጣው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለእምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፣ የዛ ዘመን መዝሙር ስለ መከራ ሲያወራ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያወራው። ያንን ከሰማችሁ በኋላ የዘንድሮውን «ጠላቴ ይይ፣ ጎረቤቴ ይቅና» አይነት ብትሰሙ ልዩነቱ ራሱ ይመጣላችኋል። በኔ አስተያየት ብዙ አዲስ መዝሙር የሚወድቀው ቢቱ ላይ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው፣ ግጥሙ ውስጥ «እኔ» አስራ አምስት ጊዜ ተቆጥሮ ጌታ መኪና አምጪ ሆኖ ብቻ ሲገባ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሚለው ነገር እውነት ነው? መዝሙሩ ስለ እግዚአብሔር የሚናገረውን ጥቅስ ፈልጉለት። «ከዛሬ በኋላ አላለቅስም» የሚል ከሆነ ማን ነው እንደዛ ያለው?

ሦስተኛ፣ ወርቁ ምንድነው? እኛ ሰምና ወርቅ ያለን ሰዎች ነን፣ ከላይ ስለ ማርና ስለ ጓሮ የሚመስል ከስር ስለ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ሁሉም እየሳቀ የሚጨፍርበትና ለእናታችሁ ግን መተርጎም የሚያሳፍራችሁ ዘፈን ማለት ነው። ሰሙ ንጹህ ነው ብላችሁ አትለፉት። በተቃራኒው ደግሞ ስለ አገር፣ ስለ እናት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ድካም የሚል፣ ሰሙም ወርቁም ንጹህ የሆነ ዘፈን ሞልቷል። ሚስቱን የሚያወድስ ባልም ምን እንደበደለ አይገባኝም፣ መኃልየ መኃልይ እኮ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ቋንቋውን የማታውቁት ከሆነ ጠይቁ። የእንግሊዝኛ ዘፈን ሳይገባቸው ሲወዛወዙ የሚውሉ አሉ፣ የሲዳምኛም የወላይትኛም የኦሮምኛም ቢሆን እንደዛው።

3. ዜማው ላይ ብዙ አትቆዩ

«ዜማው ዓለማዊ ነው» የሚለው ክስ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። ኪቦርድ የሚመታ ሰው ጠይቁ፣ መዝሙሩም ዘፈኑም የሚሄደው በእነዛው ቅኝቶች ነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ትዝታን ለዘፈን ብቻ ብለን ብንተወው ከመዝሙራችን ስንቱ እንደሚቀር አስቡት። የወላይታ ምትም የጉራጌ ምትም እንደዛው ነው፣ ምት ሃይማኖት የለውም።

መሣሪያው ላይም ድሮ ክራር የዘፈን ነው በገና የዳዊት ነው ይባል ነበር፣ በገና አስር አውታር አለው በጾም ይደረደራል፣ ክራር ደግሞ አምስት ወይ ስድስት ክር ይዞ አዝማሪ ቤት ይውላል። ዛሬ ግን ክራር በስንቱ ቤተክርስቲያን መድረክ ላይ አለ። የቦታ ጉዳይ ነው፣ የእንጨት አይደለም።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ግን ይሄ አንቀጽ አይሠራም። እናንተ ጋ ዜማው ራሱ ሥርዓት ነው፣ ከቅዱስ ያሬድ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግዕዝ ዕዝል አራራይ በሚባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች የተቀመጠ፣ ከበሮው ጸናጽሉ መቋሚያው ቦታ ያለው፣ ስለዚ ግጥሙ ጥሩ ቢሆንም ዜማው ያሬዳዊ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ መልሱን ደግሞ ከኔ ሳይሆን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ጠይቁ።

ለኛም አንድ ነገር ይቀራል። የታወቀ የዘፈን ዜማ ወስዶ ግጥም መቀየር። እኛ አንድ ጊዜ ከየት እንደመጣ ሳናጣራ አሪፍ ዜማ አግኝተናል ብለን እሁድ ጠዋት አቀረብን፣ ወጣቱ አጨበጨበ፣ እኔ ከመድረክ ላይ ወደ ኋላ ሳይ አንድ ጋሼ ፈገግ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሲያልቅ መጡና «ልጆች፣ እኔ በዚህች ዜማ ስንት ጠጅ ጠጥቻለሁ» አሉን። ስለዚ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ ሰው አሰሙት።

4. ካለቀ በኋላ ያሉትን 20 ደቂቃዎች ጻፉ

የሳምንቱ ሥራ ይሄ ነው። በየቀኑ ሁለት ሁለቱን፣ አንድ ከዘፈኑ አንድ ከመዝሙሩ፣ ብቻችሁን ስሙ። እኔ ኢርፎኔን ይዤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው የምሄደው፣ ታቦር ተራራ መውጣትም ይሆናል ግን ትንፋሽ ስለሚያጥር ያዘናጋል። ሙዚቃው ሲያልቅ ኢርፎኑን አውጡና 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ደብተራችሁ ላይ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ ጻፉ። ለማን መደወል አማራችሁ? ምን መግዛት አማራችሁ? ጸሎት መጣላችሁ ወይስ ጭራሽ ራቀ? በማን ተናደዳችሁ?

የኔን ልንገራችሁ። አንዱ ዘፈን፣ ግጥሙ ምንም የሌለበት፣ ከሁለተኛው ደረጃ አንጻር ንጹህ የሆነ፣ ባለቀ ቁጥር የድሮ ጓደኛዬን ፕሮፋይል ስከፍት ራሴን አገኘዋለሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ እንደዛ ሆነ። ዘፈኑ ምንም አላጠፋም፣ ግን ለኔ አይሆንም፣ አጠፋሁት፣ እስካሁንም አላወረድኩትም። «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም» የሚለው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥23 ለኔ ያኔ ነው የገባኝ። ሌላው ደግሞ ስለ አባት የሚል ዘፈን ነው፣ ካለቀ በኋላ አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ከስንት ወር በኋላ። መዝሙሮቹም ተመዝነዋል፣ አንዱ ካለቀ በኋላ የጻፍኩት «ሰፈር ውስጥ ማን ነው ምቀኛዬ» የሚል ነበር። ያን መዝሙር ስሰማ እንባ ይመጣኝ ነበር እኮ። እንባ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሰው ፊልም እያየም ያለቅሳል።

5. አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስገቡበት

ለእናንተ ምንም ያልሆነው ለሌላው ወጥመድ ሊሆን ይችላል፣ ሮሜ 14 ሙሉውን አንብቡ። ከመጠጥና ከጭፈራ ቤት ሕይወት የወጣ ወንድም አለን፣ እኔ ለጊታሩ ብዬ የምሰማውን ዘፈን እሱ በሁለት ኖታ ተመልሶ እዛ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። እሱ ካለ አልከፍትም። ክርክርም አላነሳም፣ ዝም ብዬ አልከፍትም።

በተቃራኒው ደግሞ ሕሊናው የከለከለውን ሰው «ኮሞስ ማለት እኮ» እያላችሁ አትጎትጉቱት። በጥርጣሬ የሚደረግ ነገር ራሱ ለሰውየው ኃጢአት ይሆንበታል፣ ያውም እዛው ሮሜ 14 መጨረሻ ላይ ነው የተጻፈው።

ሰርግ ላይ ይሄ ነገር ጭቅጭቅ ይሆናልና ቀድማችሁ ጨርሱት። ከሁለቱም ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው ተቀምጦ ይስማማ፣ የሚከፈተው ሁሉ በቅደም ተከተል ፍላሽ ላይ ይጫን፣ ሳውንድ ለሚይዘው ልጅም «ከዚህ ውጪ ምንም አትክፈት፣ ማንም መጥቶ ቢጠይቅህ እገሌን ጠይቅ በል» ብላችሁ አንድ ሰው ስጡት። ሙሽራን ማወደስ፣ ቤተሰብን ማመስገን፣ የባህል ጭፈራ እኔ ችግር አይታየኝም፣ መልስ ላይ እማማ ሁሉ ተነስተው ቢጨፍሩ ደስታ ነው። ከመጠጡ ጋር ተያይዞ የሚያልቀው ግን ከላይ ኮሞስ ያልነው ነው።

ፊቼ ጫምባላላ ሲመጣም በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ መሄድ ይቻላል ወይ፣ ቄጣላ የሚባለውን የባህል ጭፈራ መጨፈር ይቻላል ወይ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫችን ነው፣ እርቅ አለበት፣ ከብት አለበት፣ የሽማግሌ ምርቃት አለበት። እዚህም አሠራሩ ያው ሁለተኛው ደረጃ ነው፣ የሚባለውን ቃል አንድ የሚያውቁ አዛውንት ጋ ቁጭ ብላችሁ አስተርጉሙ፣ የቱ ለሰላምና ለአዲስ ዓመት ነው የቱ ለምን ይባላል ብላችሁ። ሳይጠይቁ መጨፈርም ሳይጠይቁ ማውገዝም አንድ ናቸው።

6. አሁን ፎልደር ሥሩ

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስልኩን ክፈቱ። እኔ አራት አድርጌዋለሁ።

«አምልኮ» ለእግዚአብሔር የተነገሩት ብቻ፣ ለጸሎት ጊዜ። ጥቂት ናቸው፣ አይግረማችሁ። «ስንቅ» የሚመክሩ የሚያጽናኑ የሚመሰክሩ መዝሙሮች። «ቤት» ዘፈን ሆነው ንጹህ የሆኑት፣ የእናት፣ የአገር፣ የባህል፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩት። ይሄኛው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ንጹህ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ ተሰክቶ ከዋለ ለሌላው ቦታ አይተርፍም፣ እኔ ማታ ከእራት በኋላ አልከፍተውም። አራተኛው «ገና» ይባላል፣ ያልወሰንኩባቸው።

ከአራቱም ያልገባው ይጥፋ። ስታጠፉ ከቴሌግራም ቻናሉም ውጡ፣ ሚሞሪ ካርዱንም ቼክ አድርጉ፣ ዩቲዩብ ላይ ሂስትሪውን ካላጸዳችሁ ነገ ጠዋት መልሶ ያመጣላችኋል። እኔን ሦስት ጊዜ የጣለኝ ግማሹ ይሄ ነው።

መድረክ ላይ ለምታገለግሉ አንድ ቃል ብቻ፣ «አምልኮ» ፎልደር ውስጥ ያለ ሁሉ ለጉባኤ አይሆንም፣ ዘማሪው ብቻውን የሚያንጎራጉረው፣ ድምፁ ጣሪያ የሚነካ፣ እናቶች የማይከተሉት ከሆነ ቤታችሁ ተጠቀሙበት።

ዘማሪው ወደቀ፣ ወይ ዘፋኙ ጌታን ተቀበለ ሲባል ምን እናድርግ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ግጥሙ ትናንት እውነት ከነበረ ዛሬም እውነት ነው፣ ግን እሱን በሰማችሁ ቁጥር ወሬው ከመጣባችሁ ለጊዜው «ገና» ውስጥ ክተቱት።

የኔ «ገና» ውስጥ አሁን 14 አሉ። በየሦስት ወሩ አወጣቸውና እንደ አዲስ አያቸዋለሁ፣ አንዱ ከዓመት በላይ ቆይቷል፣ ግጥሙ ጥሩ ነው ዜማው ጥሩ ነው፣ 20 ደቂቃው ላይ ግን አንድ ቀን ጸሎት አንድ ቀን ትካዜ ይሰጠኛል። የአያቴን እንጉርጉሮ ደግሞ አክስቴ ከነቃሉ እንደምታውቀው በቀደም ሰማሁ፣ ለፋሲካ አለታ ወንዶ ስሄድ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ነው የምሄደው፣ እሱ «ቤት» ውስጥ ነው የሚገባው።